«የማን ልጅ ነህ?» የማይባልበት ክፍል

በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት መኖር ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ግማሹን ዘመን ባይፖላር የተባለውን የአእምሮ ሕመም እንደ ሌባ ዕቃ ደብቄ ኖሬአለሁ፤ ክኒኑን እንኳ የማስቀምጠው በቫይታሚን ብልቃጥ ውስጥ ገልብጬ ነበር። በመጨረሻ ሐኪሜ ደጋግማ ስለ ወተወተችኝ፣ አባላቱ በሙሉ ሕሙማን የሆኑበት፣ በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ክፍል የሚሰበሰብ ቡድን ዘንድ ሄድኩ። አንዲት ሴት ተራዋ ሲደርስ «ዛሬ ፀጉሬን ታጠብኩ» ብላ ዝም አለች፤ በዙሪያዋ ያሉትም እንደ ትልቅ የምሥራች ተቀበሏት። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅኩ ነበር፤ ነገር ግን እኔም በዚያ ሰሞን ለዘጠኝ ቀን ገላዬን መታጠብ አቅቶኝ ስለ ነበር፣ ሐኪምም ቄስም እናትም ሊሰጡኝ ያልቻሉት ነገር ምን እንደ ሆነ ያን ዕለት ገባኝ።

እንዲህ ያሉ ቡድኖች አዲስ አይደሉም። አብርሃም ሎ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም በ1937 በቺካጎ የጀመሩት ስብሰባ፣ እሳቸው ካረፉም በኋላ በሕሙማኑ እየተመራ ዘልቋል። በ1979 በማዲሰን ከተማ በሕሙማን ቤተሰቦች የተመሠረተው ናሚ (NAMI) የተባለው የአሜሪካ የአእምሮ ሕመም ድርጅት ደግሞ «ኮኔክሽን» የሚባሉ ነጻ ስብሰባዎች አሉት፤ መሪዎቹ ሥልጠና የወሰዱና ራሳቸውም ከሕመሙ ጋር የሚኖሩ ሲሆኑ፣ ለመግባት የሕክምና ማስረጃም ሆነ ኢንሹራንስ አይጠየቅም። ለቤተሰብ የተለየ ስብሰባ ስላለ ባል ወይም ሚስት አስከትሎ መሄድ አያስፈልግም። እኛም ብንሆን ለነገሩ እንግዳ አይደለንም፤ የኤች አይ ቪን ስም መጥራት በሚያስፈራበት ዘመን መቅድምና ተስፋ ጎህ የተባሉትን ማኅበራት ያቋቋሙት ቫይረሱ በደማቸው ያለ ወገኖቻችን ነበሩ።

ምክሬ፣ እንግሊዝኛችሁ የተሰባበረ ቢሆን እንኳ፣ መጀመሪያ ወደ ባዕዳኑ ቡድን ሂዱ የሚል ነው። በዚያ ክፍል አክስታችሁን የሚያውቅ፣ በልጃችሁ ሠርግ ላይ የሚገኝ፣ ወይም በቅዳሴ ማግስት ወሬውን ሜዳ ላይ የሚያሰጣ ሰው የለም። በአማርኛ ካልሆነ የማይወጣ ሕመም መኖሩን ግን አልክድም፤ እናቴ ያለችኝን ቃል በእንግሊዝኛ ስናገረው ሕመሙ ሁሉ ተንኖ ይጠፋብኝ ነበር።

ስለዚህ አራት አምስት ሆናችሁ የአማርኛ ቡድን ለመመሥረት ብታስቡ፣ በየወሩ ከምንጠጣው ማኅበር ሥርዓቱን ውሰዱ፤ ድግሱን ተዉት። ቀኑ የማይዛነፍ ይሁን፤ ሙሴውም፣ ማለትም ሰብሳቢው፣ በየተራ ይቀየር። ነገር ግን በየቤቱ ከዞረና እንጀራና ወጥ ከቀረበ፣ ባለተራዋ በድባቴ ተይዛ አልጋ ላይ ስትሆን የምታፍረው በሕመሟ ብቻ ሳይሆን ባዶ በሆነው ሞሰቧም ጭምር ይሆናል። ቤተ ክርስቲያንና ሬስቶራንት ለዚህ አይመቹም፤ የቤተ መጻሕፍት ክፍል ይበልጣል። «የማን ልጅ ነህ? አገርህስ የት ነው?» የሚለው ጥያቄ፣ እኛ ዘንድ የጨዋ ሰላምታ ቢሆንም፣ በሩ ላይ ይቅር። የሰማችሁትን ለትዳር ጓደኛም ቢሆን አትንገሩ። ምሥጢሩ የሚፈርሰው አንድ ሰው ራሱን ለማጥፋት ማሰቡን ሲናገር ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ብቻውን ሳትተዉት አሜሪካ ከሆናችሁ ራስን ማጥፋት ለመከላከል ወደ ተዘጋጀው የስልክ መስመር፣ ወደ 988 ደውሉ፤ አስተርጓሚ መጠየቅ ትችላላችሁ።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። በእንዲህ ያለ ቡድን ውስጥ ጉዳት ሲደርስ ያየሁት፣ አንዱ ሌላውን «መድኃኒቱን ተውና ጸበል ግባ» ባለ ጊዜ ነው። ጸበሉን አልነቅፍም፤ እኔም እጠመቃለሁ። አቡነ ጳውሎስ ጸበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረው የለምን? ሊቲየም የተባለውን የባይፖላር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ በጾም ውኃ ሳይጠጣ ከዋለ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ተከማችቶ ሊመርዘው ስለሚችል፣ ጾም ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር። የቡድኑ ሥራ «እኔም እንዲህ ሆኜ ነበር» ማለት ነው፤ የመድኃኒቱን መጠን መወሰን የሐኪም ነው።

የመጀመሪያው ዕለት መናገር የሚያስፈራችሁ ከሆነ፣ «ዛሬ ለመስማት ነው የመጣሁት» ማለት ይበቃል፤ እኔም ለሦስት ሳምንት ያልኩት ይህንኑ ብቻ ነበር፤ ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀኝም።