አባትሽ ደሴ ከመግባታቸው በፊት ይህን አንብቢላቸው

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። አባትሽ ዘንድሮ 60 ሞልቷቸው ጡረታ ይወጣሉ፤ እናትሽ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ አዲስ አበባ ኑሮው ስለከበዳቸው ወደ ትውልድ አገራቸው ደሴ ተመልሰው፣ አንድ ክፍል ተከራይተው፣ ምግብ ቤት በኮንትራት እየበሉ ሊኖሩ አስበዋል። «ጡረታው ይበቃቸዋል ወይ?» ነው ያልሽው። ከላይ የመለሱልሽ ልጆች «ደሴ ርካሽ ናት፣ አብሽሪ» ብለውሻል። እነሱ ለበዓል መጥተው ሦስት ቀን ሰንብተው የሚመለሱ ናቸው። እኔ እዚሁ ነኝ። ባለቤቴን በ2012 ቀብሬ በ2013 ጡረታ ወጣሁ። እስከዚያች ቀን ድረስ ድስት ጥጄ አላውቅም። የአባትሽ ነገር የኔው ነገር ስለሆነ የደረሰብኝን ልንገርሽ፤ እሳቸው ላይ እንዳይደርስ።

1. ብሩን በደመወዝ አትቁጠሩ፣ በጡረታው ቁጠሩ። እኔ 32 ዓመት ሳኒታሪያን፣ ማለትም የምግብ ቤትና የአካባቢ ንጽሕና የሚቆጣጠር የጤና ባለሙያ ሆኜ አገልግያለሁ፤ እዚሁ ወሎ ወረኢሉ፣ ጃማ፣ በመጨረሻም ደሴ። ስወጣ የተሰላልኝ ለመጀመሪያው 10 ዓመት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ነው። 22 ዓመቱ 27.5 ሆነ፣ ድምሩ 57.5 በመቶ። የመጨረሻው ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዜ 8,000 ብር ነበርና እጄ የገባው 4,600 ነው። የአባትሽ ደመወዝ ከኔ ይበልጥ ይሆናል፤ ግን የለመዱት ኑሮ በሙሉ ደመወዙ የተለመደ ነው። በ2012 ሽሮ በ35 ብር የበላሁበት ጠረጴዛ ላይ ዛሬ 160 ብር ይጠይቁኛል። አንዳንዱ ቤት ደግሞ ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ ሌላ፣ ሂሳቡ ሲመጣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ የተደመረበት ሌላ ነው። ሳይቀመጡ «ታክሱን ጨምሮ ነው ወይ?» ብለው ይጠይቁ። መጠየቅ አያሳፍርም።

2. ለኮንትራት ምግብ በቅድሚያ አይክፈሉ። የአንድ ወር እንኳ ቢሆን።

ይህን ቁጥር ሁለት ያልኩት ለሥርዓት ነው እንጂ ዋናው ነገር እሱ ነው። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ሰፈራችን አካባቢ አንዲት ምግብ ቤት ምሳ በኮንትራት ያዝኩ። ባለቤቱ ሰው አክባሪ ነበር፤ ስገባ ይነሳልኛል፣ «ጋሼ» ይለኛል። ልጄ፣ እኔ በሥራ ዘመኔ የስንቱን ምግብ ቤት ጓዳ ገብቼ አይቻለሁ። የዘይቱን ቀለም አይቼ ስንት ቀን እንደተጠበሰበት እናገራለሁ። ጓዳ ገብቼ የተቆሸሸ ዕቃ ካገኘሁ ባለቤቱ ዘመዴም ቢሆን አልፈርምለትም ነበር። የዚያች ቤት ጓዳ ንጹሕ ነበር። ጓዳውን አየሁና አመንኩ፤ የሂሳቡን መንገድ ግን አላየሁም።

በ2016 ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ዕቁብ ወጣልኝ። ሰውየው ይህን ሰማ መሰለኝ «ጋሼ፣ ዋጋ ልጨምር ነው፤ እርስዎ ግን የስድስት ወር ቀድመው ከከፈሉ በድሮው በ90 ብር ይቀጥላሉ» አለኝ። አሰላሁት። በወር 26 ቀን፣ በስድስት ወር 156 ምሳ፣ በ90 ሲባዛ 14,040 ብር። ከሦስት ወር ጡረታዬ በላይ ነው። አተረፍኩ ብዬ ቆጥሬ ሰጠሁት። ደረሰኝ አልጠየቅኩም። እሱ በደብተር ስሜን ጻፈ፣ እኔም በትንሿ ደብተሬ በየቀኑ ምልክት አደርጋለሁ።

ግንቦትና ሰኔ ደህና ሄደ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ተብሎ ብሩ ሲወርድ፣ ዘይቱም በርበሬውም ስንዴውም በሳምንት ውስጥ ሌላ ዋጋ ያዘ። ሰውየው ጨምር አላለኝም፤ ቃል ነበረበት። ግን ሽሮው ቀጠነ። እንጀራው ጠበበ፤ ጤፉ ላይ ሩዝ እንደገባበት በእጄ ይዤ አወቅኩ፣ ይሰባበራል። ተጨማሪ እንጀራ ድሮ በነጻ ነበር፣ አሁን አስተናጋጇ አንገቷን ደፍታ «ይከፈልበታል ጋሼ» አለችኝ። ከኔ አጠገብ ያው ምግብ በዕለቱ ዋጋ ለሚበላ ሰው ሞልቶ ይመጣል። የምበላበትን ብር ቀድሞ የተቀበለኝ ሰው ለኔ የሚጨምርበት ምክንያት የለውም። ይህን ለአባትሽ አስረጂያቸው፦ ዋጋ በሚንርበት ጊዜ ቀድሞ የከፈለ ሰው እያንዳንዱ ጉርሻው ለባለ ምግብ ቤቱ ኪሳራ ነው።

ጳጉሜን ላይ አንድ ቀን ብሄድ በሩ ተቆልፏል። የቤት ኪራይ ጨምረውበት ለቆ ሄዷል አሉ። 104 ምሳ በልቻለሁ፣ 52 ቀርቶኛል። 4,680 ብር። የአንድ ወር ጡረታዬ ከነትርፉ ማለት ነው።

አቤቱታ ይዤ ጉዳዩ ይመለከተዋል ወደተባለው ቢሮ ሄድኩ። ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ጉልበቴ ታማሚ ነው። ወጣቱ ልጅ ከስልኩ ቀና ሳይል «አባባ፣ ደረሰኝ አለዎት?» አለኝ። ደብተሬን አወጣሁ። «ደብተር ደረሰኝ አይደለም» አለ። «ታዲያ ምን ላድርግ ልጄ?» ስለው «ሲከፍሉ ያስቡበት ነበር» ብሎ ከጎኑ ካለችው ልጅ ጋር ወሬውን ቀጠለ። ቁሜ ቀረሁ። ወንበር አለ፣ «ይቀመጡ» የሚል የለም። አራት ጊዜ ተመላለስኩ፤ አንድ ጊዜ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ አንድ ጊዜ ለቅሶ፣ አንድ ጊዜ «ነገ»። እኔ በ32 ዓመት ውስጥ ከገጠር በእግሩ የመጣን ሰው ያለ ምክንያት «ነገ ና» ብዬ አላውቅም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ከብሩ ይልቅ እሱ።

በኋላ ሕግ የሚያውቅ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ የሸማቾች ጥበቃ አዋጁን፣ ቁጥር 813/2006ን፣ አሳየኝ። ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ መለጠፍ አለበት፣ ለሸጠውም ደረሰኝ መስጠት አለበት። እንግዲህ ደረሰኝ ያልሰጠው እሱ፣ የተወቀስኩት እኔ! ልጁ ይህን ሊነግረኝ ይገባው ነበር። ስለዚህ አባትሽ ማንም ቤት ይብሉ፣ ዋጋው ግድግዳ ላይ ከሌለ ይለፉት፣ ብር ከሰጡ ደረሰኝ ይያዙ።

3. መሸኛ። አዲስ አበባ ከሚኖሩበት ወረዳ መሸኛ ሳያወጡ እንዳይሳፈሩ። ያለሱ እዚህ የቀበሌ መታወቂያ አያገኙም፣ ያለ መታወቂያ የሸማቾች ማኅበር አባል አይሆኑም፣ አባል ካልሆኑ ዘይትና ስኳር ሲመጣ ሌላው ሲወስድ ቆመው ያያሉ። አንድ ጎረቤቴ ለዚህ ወረቀት ብቻ ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ ተመላልሷል፤ 400 ኪሎ ሜትር ሄዶ 400 ተመለሰ፣ በመሳፈሪያው ስንት ሊትር ዘይት ይገዛ ነበር።

4. ጤፍ በጥር እንጂ በክረምት አይገዛም። አጨዳው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው፤ ውቂያው አልቆ እህሉ ሲወጣ ዋጋው ይረግባል፣ ከሰኔ በኋላ ይወጣል። ጃማ ስሠራ የማውቃቸው ገበሬዎች ስላሉ አምና በጥር አስመጣሁ። በነሐሴ እዚህ ደሴ ሸዋ በር ስጠይቅ በኩንታል 1,500 ብር ልዩነት ነበረው። ደግሞም ነጭ ጤፍ ካልሆነ አይሉ፤ ሰርገኛው ጥሩ ነው፣ የኛ ሰው ማሽላ ቀላቅሎ መጋገር የድሮ ልማዱ ነው። ከቆላው ከቃሉና ከባቲ የሚመጣው ማሽላ ከጤፍ ጋር ሲሆን እንጀራው ለስላሳ ነው፣ ሆድም ይይዛል። ሽንኩርት ከቆቦና ከጊራና መስኖ ሲገባ በዛ ብሎ ይገዛ፣ በደረቅ ቦታ ተዘርግቶ ይቀመጥ። አንዳንዱ ባቲ የሰኞ ገበያ ርካሽ ነው ብሎ ይሳፈራል፤ ለአምስት ኪሎ እህል የመኪና መሳፈሪያ አይከፈልም፣ ይተዉት። እዚሁ ሰኞ ገበያ ከሰዓት በኋላ፣ ገበሬው ወደ አገሩ ሊመለስ ሲቸኩል ይሂዱ። ደሴ ዳገት መሆኗን አይርሱ፤ ከባድ ነገር ገዝተው ባጃጅ ከያዙ ያተረፉት ሁሉ ለባጃጁ ነው።

ቤት ውስጥ እህል ማስቀመጥን ደግሞ እንደ ድሮ ነገር አይዩት። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ከተማችን በጦርነት ተይዛ እስከ ኅዳር ማብቂያ ስትቆይ ባንክ የለ፣ ሱቅ የለ። ጡረታዬ ባንክ ነበር፣ ግን አንድ ብር ማውጣት አልቻልኩም። ያበላኝ ጎረቤቴ የሆኑት ሀጂ ጎተራቸው ውስጥ የነበራቸው ማሽላ ነው። ባለቤታቸው ቂጣ ጋግረው በየቤቱ ይልኩ ነበር። አላህ ይስጣቸው።

እና ያ ምግብ ቤት ከተቆለፈ በኋላ የሆነውን ልንገርሽ፤ ለአባትሽ የሚጠቅማቸው ይኸኛው ነው። መስከረም 2017 ላይ ብሩም ምሳውም የለኝም፤ ዳቦ በሻይ እየበላሁ ሰነበትኩ። ሀጂ አዩኝና «እንግዲህ ምሳ እኔ ቤት ነው» አሉ። በነጻ መብላት አልወድም። ሰፈራችን አንድ ሌላ የጡረታ ሰው አለ፣ ሾፌር የነበረ፣ እሱም ብቻውን ነው። ሦስታችን ተመካከርን። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ አንዲት ባል የሞተባት ጎረቤት አለችን፤ ጤፉንና ማሽላውን እኛ እናቀርባለን፣ እሷ ትጋግራለች፣ ወጡን ትሠራለች። ለእሷና ለአትክልቱ በየሳምንቱ ቅዳሜ እናዋጣለን፤ በሳምንት፣ በወር አይደለም። ዋጋ ከጨመረ እሷም ሳትጎዳ በሚቀጥለው ቅዳሜ እንነጋገራለን። ዛሬ የእህሉን ድርሻ ጨምሮ በሳምንት 360 ብር ይደርስብኛል፣ የስድስት ቀን ምሳ። ቀኑ በ60 ብር ማለት ነው፣ ሽሮው ደግሞ ወፍራም ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሀጂ እስላም ናቸው፣ እኛ ሁለታችን ክርስቲያን። ሥጋ ስለማንጋራ በጋራ ማዕዳችን ሥጋ አይገባም፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች፣ ጎመን ነው። ወጪው የቀለለልን አንዱ በዚህ ነው። በ2017 ዓብይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሰሞን ሲገቡ ግን ምስር ተወደደ፤ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ምስር ፈላጊ ሆነ። ዘንድሮ በ2018ም እንደዚያው አብረው ስለሚገቡ ምስሩን ከጥር በፊት ገዝተናል። ረመዳን ሲሆን ሀጂ ምሳ አይበሉም፣ ድርሻቸው ለማፍጠሪያቸው ሾርባ ይሆናል፤ ቂም የለም፣ ክርክር የለም።

ቁርስ ቤቴ ነው፤ በሶ ወይም ቂንጬ። እራት እኔ ራሴ እሠራለሁ፤ በ63 ዓመቴ ሽሮ መሥራት ተማርኩ፣ ሴት ልጄ በስልክ እየነገረችኝ። መጀመሪያ ቋጠረብኝ፤ ሽሮውን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጬ እያማሰልኩ መጨመር እንዳለብኝ ነገረችኝ። አሁን ሾፌሩ እኔ ቤት እየመጣ ነው የሚያመሽ። አንቺም አባትሽን ሳይሳፈሩ አንድ ወር አስተምሪያቸው፤ ሽሮና ምስር ብቻ። «ወንድ ልጅ ጓዳ ምን ያደርጋል» ቢሉሽ እሺ አትበያቸው፤ እኔም እንደዚያ እል ነበር፣ ዋጋውን ከላይ ጽፌልሻለሁ።

ማኪያቶ ከጓደኛ ጋር እዚህ ደሴ ፒያሳ መጠጣት ይቅርባቸው አልልም፤ ሰው ያለ ወሬ አይኖርም። ግን በሳምንት አንድ ቀን። በቀረው ቀን ቡና እኛ ጋ ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ በየተራ በየቤታችን።

ለጥር ጤፍ አሁን እያዋጣን ነው፤ መኪናው ለሁለት ኩንታልም ለአራትም ያው ነው የሚያስከፍለን። አባትሽ ከጥር በፊት የሚገቡ ከሆነ ስንት ኪሎ እንደሚፈልጉ ጠይቀሽ እዚሁ ጻፊልኝ። ለአንድ ሰው ለዓመት እኔ ሰባ ኪሎ ጤፍና ሠላሳ ኪሎ ማሽላ ነው የያዝኩት። ብሩን አሁን እንዳትልኪ፤ እህሉ መጥቶ፣ አይተውት፣ አስመዝነው ይክፈሉ።