መልስ፦ የትራያንግል ስትራተጂን ዴሞ ልሞክረው ወይ?

ወንድሜ፣ «ሙሉውን ጌም ከመግዛቴ በፊት ዴሞውን ልሞክረው ወይ?» ላልከው፣ አዎ፣ ሳታመነታ ሞክረው። እኔ ሙሉውን ጌም ስዊች (የኒንቴንዶ መጫወቻ) ላይ ጨርሼዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ዴሞ፣ ማለትም ነጻ የሙከራ ክፍሉ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች ያጫውትሃል። ሙሉውን ከገዛህ ደግሞ ካቆምክበት ትቀጥላለህ፤ ድካምህ ሜዳ ላይ አይቀርም።

መጀመሪያ ላይ ትዕግስት ይጠይቃል። ንግግሩ ይበዛል፤ አንድ ውጊያ እስክትደርስ ብዙ ታነባለህ። ታሪኩ ግን ይይዛል። አንዱ አገር ጨው አለው፣ ሌላው ብረት አለው፣ በዚሁ ሰበብ ተዋግተዋል።

ልቤን የወሰደው ውጊያው ነው። ከፍታ ትልቅ ዋጋ አለው። ወፍ የምትጋልበዋን ቀስተኛ፣ ሂዩጌትን፣ ጣሪያ ላይ አወጣኋት፤ ከላይ ሆና ስትወረውር ጉዳቱ ይጨምራል። ጠላትን ከኋላ ስትመታው ምቱ ይከብዳል። ከፊትና ከኋላ ሁለት ሰው ካቆምክበት ደግሞ አንዱ ሲመታ ሌላውም ይደግመዋል። ይህን ሳላውቅ ዋናውን ገጸ ባህሪ፣ ሴሬኖአን፣ ብቻውን ወደፊት ልኬው ተከበበብኝ፤ እንደገና ጀመርኩ።

ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ወደ የትኛው አገር እንደምትሄዱ በድምፅ ይወሰናል። አለቃው አንተ ነህ፣ ድምፅ የሚሰጡት ግን ጓዶችህ ናቸው። አንድ በአንድ ማሳመን አለብህ፤ እምቢ የሚልም አለ። ስለዚህ አትቸኩል። መጀመሪያ ዞር ዞር ብለህ ሰው አናግር። እዚያ የሰማኸው ነገር ለማሳመን አዲስ የንግግር አማራጭ ይከፍትልሃል።