መልስ፦ ያማሃ አርኤክስ-ቪ385 ከአሜሪካ ቢመጣ ያዋጣል ወይ?

«እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ያማሃ አርኤክስ-ቪ385 ታምጣልኝ ወይ?» ላልከው፣ ዕቃው (የቲቪና የፊልም ድምፅ አጉልቶ ለስፒከሮች የሚያከፋፍል ሪሲቨር ነው፣ የዲሽ አይደለም) ለዋጋው ጥሩ ነው። እኔም ቤት አለ። 5.1 ነው፤ አምስት ስፒከርና አንድ ሰብዉፈር (የወፍራም ድምፅ ስፒከር) ይይዛል። ብሉቱዝ አለው፣ ዋይፋይ የለውም። ለመካከለኛ ሳሎን ይበቃል። መግለጫው ላይ ለአንድ ስፒከር 70 ዋት የሚለው ጉልበት ግን ሁለት ስፒከር ብቻ ሲሠራ የተለካ ነው፤ አምስቱም ሲጮኹ ያን ያህል አትጠብቅ።

አብራው የምትመጣዋን ትንሽ ማይክ እንዳትንቃት። ሶፋው ላይ በጆሮህ ቁመት አስቀምጣትና ሪሲቨሩ የየስፒከሩን ድምፅ ራሱ ያስተካክል። እኔ ስድስት ወር ካርቶን ውስጥ ትቻት ነበር። የፊልሙ ንግግር አይሰማም እያልኩ ስፒከሮቼን ሳማ ከረምኩ!

ዋናው ጣጣ መብራቱ ነው። የአሜሪካው 120 ቮልት ነው፣ የኛ 220። በቀጥታ ከሰካኸው አለቀለት። ቮልቱን የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግዛ፤ 500 ዋት የሚችል ይበቃል። ሪሲቨሩ ራሱ ወደ 8 ኪሎ ስለሚጠጋ የእህትህንም ሻንጣ አስብላት።

ከዱባይ የሚመጣ ሰው ካለህ ግን እኔ እሱን እመርጣለሁ፤ እዚያ መብራቱ እንደኛው ነው። ከመክፈሉ በፊት ከጀርባው የተጻፈውን ቮልት ፎቶ አንስቶ ይላክልህ።