ሠንጠረዣችሁ ውስጥ የሌለው ነገር

ውድ ልጆቼ፣

ቴሲሳችሁን ይዛችሁ «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ» ስትሉኝ ደስ ይለኛል። ጡረታ የወጣ ሰው ጣና ዳር ተቀምጦ፣ ቡናውን ይዞ የልጆቹን ሥራ ከማንበብ የበለጠ ምን አለው? ግን አንድ ነገር እየተደጋገመ ያስቸግረኛል። «ሻጋታው በ30.27 ዲግሪ፣ በፒኤች 5.43 ከፍተኛውን ሲትሪክ አሲድ ሰጠ» የሚል ዓረፍተ ነገር። ሲትሪክ አሲድ ሎሚን የሚያኮመጥጠው አሲድ ነው፤ ፒኤች ደግሞ የአሲድነት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል። ሻጋታው የሚያድግበት የሙቀት ሳጥን፣ ኢንኩቤተሩ፣ እኮ በሩ በተከፈተ ቁጥር ሙቀቱ ይዋዥቃል! ከነጥቡ በኋላ ያሉትን ቁጥሮች ያመጣው ሶፍትዌሩ ነው። ሻጋታው አያውቃቸውም።

ከስታቲስቲክስ ጋር ጠብ የለኝም። አንዱን ብቻ እየለወጡ ሌላውን ባለበት መተው ጊዜ ይፈጃል፤ ስኳርና አየር አብረው የሚያመጡትንም ለውጥ ይደብቃል። ቦክስና ዊልሰን በ1951 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት፣ ብዙ ነገር አብሮ እየለወጡ ምርጡን የመፈለጊያ ዘዴ ለዚህ ጥሩ ነው። ግን ዘዴው የሚያወዳድረው እናንተ የሰጣችሁትን ብቻ ነው። ሙቀት፣ ፒኤች፣ ስኳር፣ የቆይታ ቀን። እኔን የሚያሳስበኝ ያላስገባችሁት ነው።

ሲትሪክ አሲድ የሚሰጠውን ጥቁር ሻጋታ፣ አስፐርጊለስ ናይጀርን እንውሰድ። በፊት የዓለም ሲትሪክ አሲድ በአብዛኛው ከጣሊያን ሎሚ ነበር የሚወጣው። በ1917 እ.ኤ.አ. ጀምስ ከሪ የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ይህ ጥቁር ሻጋታ ብዙ ስኳር ባለበትና አሲዳማ በሆነ ሚዲየም፣ ማለትም በሚያድግበት ፈሳሽ ምግብ ውስጥ አሲዱን እንደሚያፈስ አሳየ። በ1919 ፋይዘር የተባለው ኩባንያ በዚሁ መንገድ ማምረት ጀመረ።

ሻጋታው ግን ይህን የሚያደርገው ሁሉ ነገር ሲሟላለት አይደለም። ስኳሩ በሊትር ከ100 ግራም በላይ ሆኖ ሲትረፈረፍ፣ ማንጋኒዝ የተባለው ማዕድን ደግሞ በሊትር ጥቂት ማይክሮግራም ብቻ ሲሆን ነው። ማይክሮግራም ነው ያልኩት፣ የግራም ሚሊዮንኛ። ማንጋኒዝ ሲያገኝ ይወፍራል፣ አሲዱ ይቀንሳል። ታዲያ ይህን ያህል ትንሽ ነገር ከየት ይገባል? ከውሃው፣ ከስኳር ፋብሪካ ከሚተርፈው ጥቁር ሽሮፕ ከሞላሰሱ፣ በደንብ ካልታጠበ ፍላስክ። ጠላ የምትጠምቅ እናት ከጌሾው በፊት ጋኑን አጥባ ታጥናለች፤ እናንተም ብርጭቆውን በአሲድ አጥባችሁ በተጣራ ውሃ አለቅልቁት። ሞላሰስ ከሆነ ፋብሪካዎች በፖታሲየም ፌሮሳያናይድ ብረቱንና ማንጋኒዙን ያስወግዱለታል።

በነገራችን ላይ፣ እምቦጭ ሐይቁን ከወረረ ወዲህ ፕሮፖዛሉ ሁሉ እምቦጭ ሆኗል። ሐሳቡን አልጠላውም። ግን እምቦጭ ከውሃ ውስጥ ብረታ ብረት እየሳበ የሚያከማች ተክል ነው። ስኳሩን አውጥታችሁ ስትጠቀሙ ማንጋኒዙም አብሮ ይመጣል። ምርቱ ሲያንስ ጥፋቱ የሻጋታው ነው ብላችሁ ዝርያ ልትቀይሩ ነው። የማንጎ ልጣጭም ከሆነ መጀመሪያ ውስጡ ያለውን አስለኩ።

ሁለተኛው ፒኤች ነው። የሻጋታው ዘር፣ ስፖሩ፣ ለመብቀል ከፍ ያለ ፒኤች ይስማማዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ከ3 በታች መውረድ አለበት። እዚያው 5 እና 6 አካባቢ ከቆየ ግሉኮኒክና ኦክሳሊክ አሲድ ይበዛል። አሲዱን ለመለካት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ እያደረጋችሁ ቲትሬት ስታደርጉ ደግሞ ሁሉም አሲድ አንድ ላይ ይቆጠራል። ያቺ 5.43 ለዚህ ነው ያስጠረጠረችኝ! አሲዶቹን ለያይቶ የሚለካው መሣሪያ፣ ኤችፒኤልሲ፣ ከሌላችሁ ቢያንስ ይህን ሞክሩ። ከናሙናው ትንሽ ወስዳችሁ አሴቲክ አሲድ ጨምሩበት፤ ሳይሞቅ ካልሲየም ክሎራይድ ጠብ አድርጉበት። ነጭ ዝቃጭ ከወረደ ኦክሳሊክ አሲድ ይኖራል ብላችሁ ጠርጥሩ።

ሦስተኛው የቆማችሁበት መሬት ነው። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ውሃ እዚህ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በባሕር ጠረፍ ከተማ በእንፋሎት ግፊት ጀርም የሚገድለው አውቶክሌቭ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ሲያሳይ ውስጡ 121 ዲግሪ ነው፤ እዚህ ግን 118 አካባቢ ነው። 121 ለመድረስ 18 ገደማ ያስፈልጋል። ስለዚህ ቴርሞሜትሩን እዩ፣ መሣሪያው የሚችለውን ግፊትም አትለፉ። ሚዲየሙ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም ከባሕር ጠረፉ በአምስተኛ ያህል ያንሳል። ሌላ አገር የተጻፈ ወረቀት ፍላስኩን እያናወጠ አየር የሚሰጠውን ሼከር በደቂቃ 200 ዙር አድርጉ ቢል የእናንተ 200 ያንኑ አየር አይሰጥም። ይህ ሻጋታ ደግሞ አየር ወዳድ ነው።

ከሁሉም የሚያናድደው መብራት ነው። ሼከሩ ለአጭር ጊዜ ቢቆምና አየሩ ቢቋረጥ ሻጋታው ላይሞት ይችላል፣ ማደጉንም ይቀጥላል፤ አሲድ ማምረቱ ግን ወደ ነበረበት ላይመለስ ይችላል። ጠዋት ስትገቡ ሼከሩ ይዞራል፣ ሁሉም ነገር ሰላም ይመስላል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የግቢውን ጥበቃ «ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰዓቱን ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። መብራት የጠፋበትን ዙር ከሌሎቹ ጋር ደምራችሁ አማካይ አታውጡ፤ ለብቻው አስቀምጡትና እንደገና ሥሩት። አድቫይዘራችሁ ጊዜ የለም ካለ ደብተሩን አሳዩት።