ተኳርፈው ተጫውተው እንዴት እንዲህ አማረ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን አላችሁ። ሶስት ጓደኛሞች ነን፣ ሮክ መስማት ከጀመርን ቆይተናል፣ ሰሞኑን ግን ከሁሉም የሚበልጠው አልበም የቱ ነው የሚል ክርክር እንደ ጨዋታ ጀምረን አሁን ከምር ልንቀያየም ነው። የኔ የፍሊትዉድ ማክ "ሩመርስ" ነው። አንደኛው ጓደኛዬ ከፒንክ ፍሎይድ "ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን" ፍንክች አይልም፣ ሶስተኛዋ ደግሞ የቢትልስ "አቢ ሮድ" ካልሆነ አትሰማም። የኔን ሲያጣጥሉ "እነሱ እኮ እየተፋቱ የሰሩት ነው፣ ምን ኬሚስትሪ አላቸው፣ ስቱዲዮ ውስጥ ተጠጋግኖ ነው የወጣው" ይሉኛል። እኔም በእልህ "እንደውም ጥሉ ነው ያሳመረው" ብዬ ድርቅ አልኩ፣ እውነቱን ለመናገር ግን ያልኩትን ራሴም ብዙ አላመንኩበትም። እስቲ ፍረዱን።

መልስ፦ ፍረዱን ካልክ አልደብቅህም፣ የኔም ሩመርስ ነው። "ጥሉ ነው ያሳመረው" የምትለዋን ግን ተዋት ወንድሜ፣ ጥል ብቻውን አልበም የሚያሳምር ቢሆን የተጣላ ባንድ ሁሉ ሩመርስን በሰራ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። 1976 ላይ ካሊፎርኒያ፣ ሳውሳሊቶ ውስጥ ሪከርድ ፕላንት የሚባል ስቱዲዮ ሲገቡ የቤዚስቱ የጆን ማክቪ እና የኪቦርዲስቷ የክሪስቲን ማክቪ ትዳር ፈርሷል፣ ጊታሪስቱ ሊንድሲ በኪንግሃም እና ዘፋኟ ስቲቪ ኒክስ ባንዱ ውስጥ ሳይገቡ ጀምሮ የነበረ ፍቅራቸው እያበቃ ነው፣ ድራመሩ ሚክ ፍሊትዉድም ቤቱ ሰላም የለም። አምስቱም ቁስል ይዘው ነው የገቡት፣ እና በየቀኑ አንድ ክፍል ውስጥ ተፋጠው ይውላሉ። በኪንግሃም "ጎ ዩር ኦውን ዌይ" የሚለውን የፃፈው ለስቲቪ ነው፣ ውስጡ ያለች አንዲት ስንኝ በጣም ጎድታታለች፣ አውጣልኝ ብላዋለች፣ አላወጣትም። እሷ ግን ያንኑ ዘፈን ተቀባይ ሆና ዘፍናለታለች፣ ዛሬም አዝማቹ ላይ ድምፅዋን ትሰማዋለህ።

አሁን ወደ "ድሪምስ" ና። ስቲቪ እዛው ስቱዲዮ ሌላ ክፍል ሄዳ ኪቦርድ ላይ ቁጭ ብላ አስር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ነው የፃፈችው፣ የዛው መለያየት የእሷ ወገን ታሪክ ነው። ባብዛኛው በሁለት ኮርድ (አንድ ላይ በሚመቱ ድምፆች) ላይ የሚመላለስ ነገር ስለሆነ ክሪስቲን መጀመሪያ ስትሰማው አሰልቺ ነው ብላ ነበር። ታዲያ ማን አቀናበረው? ዘፈኑ የሚወቅሰው ሰውዬ ራሱ፣ በኪንግሃም። ሄድፎን አድርገህ ስማው እስቲ፣ ቤዙና ድራሙ ምንም ሳይነቃነቁ ይሄዳሉ፣ ከስራቸው ጊታሩ ጣት ገመዱን ሲነካ ሳይሰማ ድምፁ ቀስ እያለ ከሩቅ እንደሚመጣ ሰው ያብጥና ተመልሶ ይጠፋል፣ አዝማቹ ጋ ሲደርስ ደግሞ አኮስቲክ ጊታርና የሶስቱ ዘፋኞች ድምፅ ተደራርቦ ይገባል፣ ኮርዱ ግን ያው ነው። በዛው ኮርድ ሶስት የተለያየ ስሜት ያለው ክፍል አወጣለት። ሰውየው ቂሙን በጊታሩ ሊወጣ ይችል ነበር፣ ቸልተኛ ሆኖ ሁለት ኮርድ መትቶለት መቀመጥ ብቻ በቂው ነበር፣ ማንም አያውቅበትም። አላደረገውም፣ እና ባንዱ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ የወጣለት ብቸኛ ነጠላ ዘፈን እሱ ሆነ። እኔ ኬሚስትሪ የምለው ይሄን ነው። መዋደድማ በዛን ሰዓት አልነበረም። አንዱ የሌላውን ዘፈን የራሱ ያህል መንከባከቡ ነው ያለው።

"ተጠጋግኖ ነው የወጣው" ለሚለው ጓደኛህ ደግሞ፣ ግማሹ እውነት ነው። ብዙ ወር ሙሉ ያንኑ ቴፕ ወደፊት ወደኋላ ሲያጫውቱ ቴፑ ተፍቆ ቀጫጭኑ ድምፅ፣ የሲምባሉ (የድራሙ የብረት ሳህን) ጥራት ምናምን መጥፋት ጀምሮ ነበር። ደግነቱ የመጀመሪያው ቅጂ ግልባጭ ተቀምጦ ስለነበር በኋላ የጨመሩትን ሁሉ ወደሱ አዛወሩት፣ ሁለቱን ማሽን የሚያገጣጥም ነገር ስላልነበረ ግን ባለሙያው በአንድ ጆሮው አሮጌውን ቴፕ በሌላው አዲሱን እየሰማ፣ ፍጥነቱን በእጁ እያስተካከለ፣ የሁለቱ ቴፕ ሀይ-ሀት (በእግር የሚከፈትና የሚዘጋው ጥንድ ሲምባል) አንድ እስኪሆን አገጣጠማቸው። "ዘ ቼይን" ደግሞ በእርግጥም ቴፕ ተቆርጦ የተቀጣጠለ ዘፈን ነው፣ ከአልበሙ ውስጥ የአምስቱም ስም አንድ ላይ ደራሲ ተብሎ የተመዘገበበትም እሱ ብቻ ነው። ግን ያ ሁሉ ዝም ብሎ የጆን ቤዝ ብቻዋን ስትመጣ ያለችው ነገር ቴፕ በሚቆርጥ ምላጭ የሚሰራ አይደለም፣ ተጫውቶት ነው። ከዛ አልበም የቀረው የስቲቪ "ሲልቨር ስፕሪንግስ" ነው የሚያሳዝነኝ፣ ቦታ የለም ተብሎ የነጠላ ዘፈን ሸክላ ጀርባ ላይ ተወረወረ፣ 1997 ላይ ባንዱ ሲገናኝ መድረክ ላይ በኪንግሃምን ዓይን ዓይኑን እያየች የዘፈነችበትን ቪዲዮ ካላየኸው ዛሬውኑ እየው። በነገራችን ላይ ሩመርስ አሜሪካ ላይ 31 ሳምንት አንደኛ ሆኗል፣ ከ40 ሚሊዮን ኮፒ በላይ ተሽጧል፣ ይሄ ግን ለክርክሩ አይጠቅምህም፣ ሽያጭ ከቆጠራችሁማ የፍሎይዱም ቀላል አይደለም።

ለፍሎይዱ ጓደኛህ ይሄን ንገረው። ዳርክ ሳይድ 1973 ከመውጣቱ በፊት አንድ ዓመት ያህል መድረክ ላይ ሲጫወቱት ሲያሹት ነው የከረሙት፣ አራቱ የሚሰማሙበት ጊዜ ነበር፣ ይሰማል። የጊልሞር ጊታርና የሪቻርድ ራይት ኪቦርድ አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ቦታ ይለቅለታል። ከዛ 1979 ወደ "ዘ ዎል" ስትሄድ ቤዚስቱ ሮጀር ዋተርስ ሁሉን ነገር ጠቅልሎ ይዞ ራይትን ከባንዱ አስወጡት፣ ኮንሰርቶቹ ላይ ግን በደሞዝ ተቀጥሮ ተጫወተ፣ ትርኢቱ እጅግ ውድ ስለነበር ሌሎቹ ኪሳራ ገቡ፣ ገንዘብ ይዞ የወጣው ራይት ብቻ። አልበሙ ትልቅ ስራ ነው፣ አልክድም፣ የአንድ ሰው አልበም ግን ነው፣ ራይት የሚተወው ያ አየር የለም። 2 ጁላይ 2005 ለንደን ሃይድ ፓርክ ላይ አራቱ ከ24 ዓመት በኋላ አብረው ሲቆሙ ያ አየር ተመልሶ መጣ፣ ለአራት አምስት ዘፈን።

የአቢ ሮዷ ጓደኛህ ክርክሯ ከሁላችሁም የጠነከረ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ቢትልሶችም ያኔ ሆድና ጀርባ ነበሩ። ጃንዋሪ 1969 ላይ ጆርጅ ሃሪሰን በቃኝ ብሎ ትቷቸው ሄዶ በስንት ልመና ነው የተመለሰው፣ በዛው ዓመት ክረምት ግን አቢ ሮድን ሰሩ። "ዚ ኤንድ" ላይ ከድራሙ ሶሎ በኋላ ሶስት ጊታር በየተራ ይመጣል፣ ሁለት ሁለት ባር (አንድ ባር አራት ምት ነው)፣ መጀመሪያ ፖል፣ ከዛ ጆርጅ፣ ከዛ ጆን፣ እንዲህ ሶስት ዙር። ፖል ቆንጠጥ ያለ ነው፣ ጆርጅ ገመዱን እየሳበ ያዜማል፣ ጆን ሻካራውን ይለቀዋል። ሶስታችሁ ቁጭ ብላችሁ ማን ማን እንደሆነ ለመለየት ሞክሩ፣ ከዚህ ክርክር ያ ይሻላችኋል።

ጥያቄ፦ ድራም እየተማርኩ ነው። አስተማሪዬ ከሜትሮኖም (ምት ከሚቆጥረው መሳሪያ) እንዳልወጣ በጣም ይቆጣጠረኛል፣ የምወዳቸው ድራመሮች ግን ሁሌ ትንሽ የሚዘገዩ ይመስለኛል። ጆሮዬ ነው ወይስ እውነት ነው? ባንድ ውስጥስ ማን ነው ማንን የሚከተለው?

መልስ፦ ጆሮሽ ልክ ነው እህቴ፣ አስተማሪሽም ልክ ነው። መዘግየት የሚያምረው ምቱ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ሲዘገይ ነው፣ ስለዚህ ሜትሮኖሙን እንዳትተዪ።

ብዙ ባንድ ድራመሩን ይከተላል። ሮሊንግ ስቶንስ ጋ ግን ተገልብጦ ነው፣ የራሳቸው ቤዚስት የነበረው ቢል ዋይማን እንዳስረዳው ቻርሊ ዋትስ የኪት ሪቻርድስን ጊታር ነው የሚከተለው፣ ስለዚህ ድራሙ ከጊታሩ በፀጉር ያህል ወደኋላ ይቀራል፣ ያ የሚያወዛውዘው ነገር የሚመጣው ከዛች ክፍተት ነው። ቻርሊን ቪዲዮ ላይ ስታዪው ቀኝ እጁን እዪ፣ ስኔሩን (ፊቱ ያለውን ጠፍጣፋ ድራም) በሚመታበት ቅፅበት ሀይ-ሀቱን አይመታም፣ እጁን ያነሳል። ትንሽ ነገር ናት፣ ስኔሩ ግን ብቻውን ጥርት ብሎ እንዲወጣ ታደርገዋለች። እሱ ኦገስት 2021 ካረፈ በኋላም እየተጫወቱ ነው፣ ጥሩ ድራመር ነው የተካው፣ ያቺ ክፍተት ግን ለኔ ሌላ ሆናለች።

ሌድ ዜፕሊኖች ደግሞ ጭራሽ መተካቱንም አልሞከሩትም። ጆን ቦናም ሴፕቴምበር 25፣ 1980 ሞተ፣ ዲሴምበር ላይ ያለሱ አንቀጥልም ብለው ባንዱን ዘጉት። አራተኛው አልበማቸው ላይ "ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ" ሲጀምር ያለውን ድራም ስሚው፣ አንድ አሮጌ ትልቅ ቤት ውስጥ ድራሙን ደረጃው ስር አስቀምጠው ሁለት ማይክ ከላይ አንጠልጥለው ነው የቀዱት። ያ ግዙፍ ድምፅ የቤቱና የቦናም ነው፣ ሌላ ሰው እዛው ደረጃ ስር ብታስቀምጪ አይመጣም።

ጥያቄ፦ አራት ልጆች ባንድ አለን፣ ዘፈን የምፅፈው ባብዛኛው እኔ ነኝ። አሁን የመጀመሪያ ስራችን ሊወጣ ሲል ደራሲ ተብሎ የማን ስም ይግባ የሚለው ላይ ልምምድ እስከማቆም ደርሰናል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ይሄ ጉዳይ ብዙ ባንድ አፍርሷል፣ አቅልላችሁ አትዩት። አር.ኢ.ኤም. የሚባሉት ከመጀመሪያው ዘፈኑን ማንም ያምጣው ማን የአራቱም ስም ይገባል ብለው ተስማሙ፣ ድራመራቸው 1997 ላይ በሰላም እስኪለቅ አራቱ አልተለያዩም፣ የቀሩት ሶስቱም እስከ 2011 ቀጠሉ። ኩዊኖች በተቃራኒው ለየብቻ ሲያስመዘግቡ ኖረው 1989 "ዘ ሚራክል" ላይ ነው ሁሉንም በባንዱ ስም ያደረጉት። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ልምምድ ማቆማችሁ ነው ያሳሰበኝ። ፖሊስ የሚባለው ባንድ ሞንትሴራት ደሴት ላይ "ሲንክሮኒሲቲ"ን ሲቀርፅ ሶስቱ በየክፍላቸው ተለያይተው ነበር የሚጫወቱት፣ ድራመሩ መመገቢያ ክፍል፣ ጊታሪስቱ ስቱዲዮው ውስጥ፣ ዘፋኙና ቤዚስቱ ስቲንግ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ። ወጣ፣ በጣም ተሸጠ፣ ከዛ በኋላ ሌላ አዲስ አልበም አልሰሩም።

ሃሳቤን ከጠየቅከኝ፣ ግጥሙና ዜማው ያንተ ቢሆንም ቤዚስቱ ያመጣት መስመር ከዘፈኑ ብትወጣ ዘፈኑ ያው ሆኖ ይቀጥላል ወይ ብለህ ራስህን በሐቅ ጠይቅ። አይቀጥልም ካልክ ስሙ ይግባ፣ ድርሻችሁንም በቁጥር ፅፋችሁ አራታችሁም ፈርሙበት፣ ቀረፃው ከማለቁ በፊት። እና ዛሬ ደውልላቸው፣ ነገ ልምምድ ግቡ፣ በስልክ ቅዱት፣ ስትሰሙት እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን ትታችሁ የሌላውን ልጅ መስመር ብቻ እየተከተላችሁ ስሙ።