የውስጥ ጆሮ ጉዳትና የሚዛን ልምምድ

ጥያቄ፦ የግራ ጆሮዬ የሚዛን ነርቭ ከተጎዳ 3 ወር ሆነው። የታዘዘልኝ የራስ ማዞር ልምምድ ሲያዞረኝ ተውኩት። ልተወው?

መልስ፦ እባክዎ ይመለሱበት። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማ 39 ጥናቶችን መርምሮ፣ በአንድ ጆሮ በኩል ለደረሰ ጉዳት ልምምዱ እንደሚጠቅምና አደጋ እንደሌለው አሳይቷል።

አንድ ፊደል ወረቀት ላይ ጽፈው በዓይንዎ ትክክል፣ በክንድ ርቀት ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። ዓይንዎን ሳይነቅሉ ራስዎን ግራና ቀኝ ለ1 ደቂቃ ያዙሩ። ፍጥነቱ ፊደሉ ሊደበዝዝ እስኪል ይሁን። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ የማዞር ስሜቱን ፈርተው በጣም በዝግታ ሲያደርጉት አንጎል የሚያርመው ስሕተት (የምስል መንሸራተት) ያጣል። ስለዚህ መጠነኛ የማዞር ስሜት የሚጠበቅ ነው። ለቆየ ጉዳት በቀን 3–5 ጊዜ ተከፋፍሎ በድምሩ 20 ደቂቃ፣ ቢያንስ ለ4 ሳምንት ይሥሩ።

የማዞር ማስታገሻ ክኒን ለረጅም ጊዜ መውሰድ አንጎል ጉዳቱን መላመዱን ያዘገያል፤ ሐኪምዎን ያነጋግሩ። ምላስ ቢተሳሰር ወይም ፊት ቢጣመም ግን በፍጥነት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።