ቲክቶከሮች ምግብ ቤቴ ገብተው ቀረጹን፤ ስልካቸውን መቀማት እንችላለን?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ፣ ሃያ ሁለት አካባቢ ምግብ ቤት አለኝ። በቅርቡ ሁለት ወጣቶች ምሳ ሰዓት ላይ ማይክና ስልክ ይዘው፣ ላይቭ እየቀረጹ ገቡ። አስተናጋጇን «ይሄ ሥጋ የስንት ቀን ነው? ዋጋችሁን ለምን ሰቀላችሁት?» እያሉ አፋጠጧት። ልጅቷ አለቀሰች፣ ደንበኞችም ሳይበሉ ወጡ። ወንድሜ ስልኩን ሊቀማ ሲል ግብግብ ተፈጠረ። አሁን ቲክቶክ ላይ የሚዞረው ግብግቡ ብቻ ነው። ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ የደረሰባችሁ ነገር ያናድዳል። ግን ወንድምዎ ካደረጉት ልጀምር፤ ትልቁ አደጋ እዚያ ነው። ቤቱ የእርስዎ ነው፣ ስልኩ ግን የእርስዎ አይደለም። ስልክ መንጠቅ፣ ቪዲዮ አስገድዶ ማስጠፋት፣ መግፋት በወንጀል ሕጉ የእጅ እልፊት ወይም ንብረት ማበላሸት ተብሎ ሊያስከስስ ይችላል። ተበድለው ሳለ ተከሳሽ ሆነው ያርፉታል። እንዲህ የሚቀርጹ ብዙዎችም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው፤ ተመልካች የሚያመጣላቸው ጠቡ ነው።

እርስዎ በእጅዎ ያለው ትልቁ መብት «ውጡልኝ» ማለት ነው። ምግብ ቤት ለደንበኛ ክፍት ቢሆንም የግል ይዞታ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 604 ያለ ባለይዞታው ፈቃድ መግባትን፣ ውጣ ሲባልም አልወጣም ማለትን ያስቀጣል። ስለዚህ ተረጋግተው «መቅረጽ አልፈቀድንም፣ እባካችሁ ውጡ» ይበሏቸው። አንድ ሠራተኛ ይህንን ስትሉ በራሱ ስልክ ይቅረጽ። እምቢ ካሉ 991 ደውሉ። በር ላይ «ያለ ፈቃድ መቅረጽ ክልክል ነው» ብሎ መለጠፍም ጥሩ ነው፤ በኋላ «አልተነገረንም» እንዳይሉ። ከመንገድ ላይ ቆሞ ታፔላዎን የሚቀርጽን ሰው ግን በዚህ ሕግ አያስቆሙትም።

አሁን ወደ ልጅቷ ልምጣ፤ እርስዎ ለራስዎ ጠየቁ እንጂ ከሁላችሁም ጠንካራ መብት ያላት እሷ ናት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የአንድን ሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትንና ማባዛትን ይከለክላል። በአንቀጽ 29 መሠረት ቪዲዮው እንዲወርድ መጠየቅና ፍርድ ቤት ካሳ እንዲወስንላት ማድረግ ትችላለች። ጠያቂዋ ግን ራሷ ናት፤ እርስዎ በስሟ መክሰስ አይችሉም። ጠበቃ ያቁሙላት፣ የምትመላለስበትንም ቀን ከደመወዟ አይቁረጡ።

ቀራጮቹ አንቀጽ 28ን ይጠቅሱ ይሆናል። ሕዝብን ከሚመለከት ጉዳይ ወይም በአደባባይ ከተፈጸመ ነገር ጋር ለተያያዘ ምስል ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። በእኔ እምነት ሥራዋ ላይ ያለች አስተናጋጅ እንባ ሕዝብን የሚመለከት ጉዳይ አይደለም። የተበላሸ ሥጋ ቀርጸው ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ይለይ ነበር።

ስም ማጥፋትን በተመለከተ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2044 ሰውን የተጠላ፣ የተናቀ ወይም መሳቂያ የሚያደርግ ነገር መናገርን ጥፋት ይለዋል። የተባለው እውነት መሆኑ ከተረጋገጠ ግን ለተከሳሹ መከላከያ ይሆንለታል። ስለዚህ ከመክሰስዎ በፊት ቤትዎን ይፈትሹ። የዋጋ ዝርዝር በግልጽ ተለጥፏል? የሥጋው የግዢ ደረሰኝ አለ? የሸማቾች ጥበቃ ሕጉ ዋጋ መለጠፍን ግዴታ ያደርጋል፤ ሸማች ሳይሰደብና ሳይዛትበት እንዲስተናገድም ያዛል።

ስለ ካሳው በግልጽ ልንገርዎ። አንቀጽ 2116 የሞራል ካሳን ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይገድባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣ ጣሪያ ነው፤ ዛሬ ለውርደት ካሳ ሊባል የማይገባው ገንዘብ ነው፣ ቢሻሻልም ደስ ባለኝ። ስለዚህ ክብደቱን በገንዘብ ጉዳቱ ላይ ያድርጉ። ከቪዲዮው በፊትና በኋላ ያለውን የዕለት ሽያጭ ከካሽ ሬጅስተሩ ያውጡ፣ የተሰረዙ ትዕዛዞችንም ይያዙ።

ክሱ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ቪዲዮው ግን ነገ ሊጠፋ ይችላል። ዛሬውኑ ያውርዱት፤ ሊንኩን፣ የአካውንቱን ስም፣ የተለቀቀበትን ቀንና የአስተያየቶቹን ስክሪንሾት ያስቀምጡ። ሳይበሉ ከወጡት ደንበኞች የሚያውቋቸው ካሉም ምስክር ይሆኑ እንደሆነ አሁኑኑ ይጠይቋቸው።